ጉጉትና ጀበና

እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ከተማ፣ ክሪስቲስ በተባለው የጨረታ ቤት፣ ከ500 በላይ የሸክላ ሥራዎች ለሽያጭ ቀረቡ። ጉጉት መስሎ የተቀመጠ ማሰሮ፣ ዓሣ የተጋደመበት ሳሕን፣ የፍየል ራስ የወጣበት ወጭት ነበረበት። ጨረታው ሲዘጋ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገኘ። ሥራዎቹ የፓብሎ ፒካሶ ናቸው።

ፒካሶ ሸክላን የተለማመደው በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው በቫሎሪስ፣ በሱዛንና በዦርዥ ራሚዬ የማዱራ አውደ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1971 ድረስ 633 ንድፎቹ፣ አንዳንዱ በ25 ሌላውም እስከ 500 ቅጂ፣ እየተባዙ ለገበያ ወጡ። የጨዋታው ምሥጢር ቀላል ነበር። ዡል አጋር የተባለው ሸክላ ሠሪ በመንኮራኩር አዙሮ ያወጣውን ዕቃ፣ ሠዓሊው ገና እርጥብ ሳለ አንገቱን ያጎብጠዋል፤ ሆዱን ጨበጥ ያደርገዋል፤ ማሰሮው ርግብ ይሆናል። ከተባዙት ዕቃዎች ሥር የታተመው ግን የፒካሶ ስምና የማዱራ ማኅተም ነው። የአጋር እጅ በጭቃው ውስጥ ቀርቷል።

ይህ ጨዋታ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ጀበና አንገት አለው፤ እንስራ ሆድ አላት፤ ማሰሮ ጆሮና አፍ አለው። ፒካሶ በጣቶቹ ያደረገውን ይህ ሕዝብ አስቀድሞ በአንደበቱ አድርጎታል። በጎንደር አጠገብ በምትገኘው በወለቃም የቤተ እስራኤል ሴቶች የእንስሳትን ቅርጽ ከጭቃ እያበጁ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር።

ለመሆኑ ያንን አንገትና ሆድ የምትሠራው ማን ናት? ከደሴ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሐብሩን አቋርጦ በመርሳ በኩል ወልድያ ይደርሳል። በነዚህ ከተሞች ገበያ፣ በሸክላው ተራ፣ ማሰሮና ምጣድ ደርድራ የምትቀመጠው ሴት መንኮራኩር የላትም። አፈሩን ትቆፍራለች፣ ገል ወቅጣ ትቀላቅላለች፣ በእጇ ታሳድጋለች፣ በድንጋይ ታለሰልሳለች፣ በኩበትና በእንጨት እሳት ትተኩሳለች። ወሎ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣው ከእንዲህ ዓይነት እጅ በወጣ ጀበና ነው። ነገር ግን ጀበናውን የተቀበለ ማኅበረሰብ ለእጁ ባለቤት «ቡዳ» የሚል ስም ሰጥቶ ከማዕዱ አራቃት። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ተረት የዚህ ታሪክ ምስክር ነው፤ ደኅናው ለገበያ፣ ስባሪው ለሠሪዋ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም መሬት ያልነበረው ሁሉ፣ ሸክላ ሠሪውም ጭምር፣ የሚያርሰው መሬት እንዲያገኝ በር ከፍቷል። አዋጅ ግን ከወረቀት ወርዶ ማዕድ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ መንገዱ ረዥም ነው። እስከዚያውም ጄሪካን እንስራን ከምንጭ አባሯል፤ ብረት ድስት ሸክላ ድስትን ከጉልቻ ላይ አንሥቷል።

ይህ ሲባል የሐብሩ ሸክላ ሠሪ የፒካሶን ጉጉት ትቅዳ ማለት አይደለም። በአሜሪካ አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ የሸክላ ጥበብ ያጠናው ማሞ ተሰማ ወደ አገሩ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል፤ በብሔራዊ ሙዚየምም በኃላፊነት ሠርቷል። እሱ የተማረ በመሆኑ ሸክላው ከነስሙ ታወቀለት። ያልተማረችው እናት የሚጎድላት ችሎታ ሳይሆን ይኸው ዕውቅና ነው።

ጅምሩም ከባድ አይደለም። የወልድያ የባህል ሠራተኛ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ ከጀበናው ሥር «የወሎ ሸክላ» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ ሠሪዋ ከፈቀደች ስሟንና መንደሯን ይጻፍ። የመርሳ መምህርም ለሥዕል ክፍለ ጊዜ ጀበና ይዞ ሲገባ ሠሪዋን ጋብዞ ወንበር ይስጣት፤ ተማሪዎቹም ጭቃው በእጇ ላይ አንገት ሲያበቅል ይዩ፤ ዋጋዋም እንደ ማንኛውም አስተማሪ ይከፈላት።