ረጅሙ ጎጃሜ

በ1994 ዓ.ም. መተማ ሳለሁ የሰሊጥ አጫጆችን እንጉርጉሮ በደብተር እቃርም ነበር። ጎንደር በወጣሁ ቁጥር በኮምፒዩተር አስጽፌ ባሕር ማዶ ላለ ወዳጄ በኢሜይል እልካለሁ። እሱ ያርማል፤ እኔ እጨምራለሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ወዳጄ ዘንድ የደረሰው የማይነበብ የምልክት ክምር ሆኖ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ገና በየራሳቸው ኮድ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ አማርኛችንን በላቲን ፊደል እየጻፍን ተላላክን።

ሥራው ሲያልቅ ተጣላን። የማን ስም ይቅደም? የእኔ የሰብሳቢው ወይስ የእሱ የአራሚው? ክርክሩ ሲሰለቸኝ እንጉርጉሮውን የሰጠኝን ሰው ፍለጋ ወደ እርሻው ሄድኩ። አዝመራው አልቆ ወደ ደጋ ተመልሷል። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ስሙ የለም። «ረጅሙ ጎጃሜ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠብቀው ወጥ የሆነና ግዘፍ የነሣ ሥራን ነው። ታዲያ ግዘፍ ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያፈለቀውስ? ሁለት ሰዎች በስም ቅደም ተከተል ስንጣላ፣ ሦስተኛውን አላሰብነውም።

አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፉ ዛሬም አልታተመም። የሽፋኑን የመጀመሪያ መስመር ባዶ ትቼዋለሁ።