ወደ መስጂድ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ነጭ አበባ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። 

በዚህ እትም የምናወራው ስለ አንድ አረም ነው። «ፈተና ደርሶ ስለ አረም?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከዶርም ወደ መስጂድ ስንሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከካፌው ጀርባ፣ በአዲሱ ሕንፃ የአፈር ክምር ላይ የበቀለውን ባለ ነጭ አበባ ተክል በየቀኑ በልብሳችን እየዳሰስን ነው የምናልፈው። ብዙዎቻችን ስሙን አናውቅም፤ የምናውቀውም በየአገራችን በተለያየ ስም ነው የምንጠራው።

ክረምቱ ወጣ ሲል ጀመዓው መንገዱን ባጸዳበት ቅዳሜ፣ ከወሎ የመጣው ወንድማችን «ይሄማ ቅንጬ አረም ነው» አለ። የሐረርጌው «ፈረምሲሳ!» ብሎ እጁን ሰበሰበ። የጅግጅጋው ደግሞ «ከሊጊ ኖሌ እንለዋለን» አለ። የሶማሊኛው ስም ብቻውን የሚኖር ማለት ነው፤ እሱ በሰፈነበት ሌላው ሣር ይጠፋልና። የኦሮምኛው ከዚህ ይብሳል፦ የሚያስፈርም። ገበሬውን መሬቱን አስፈርሞ የሚያስለቅቅ እንደማለት ነው። ሳይንሱ ፓርቴኒየም ይለዋል፤ እኛ ግን የሐረርጌን ገበሬዎች አሰያየም እንመርጣለን። አረሙ የመጣው ከሐሩራማው አሜሪካ ሲሆን፣ በሀገራችን መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 በዚያው በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ነው።

እንዴት እንለየው? ገና ሲበቅል ቅጠሉ እንደ ጎመን ክብ ሠርቶ መሬት ላይ ይነጠፋል። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ በጥልቀት የተከፋፈለ፣ አመድማ አረንጓዴ፣ ስስ ጠጉር ያለበት ነው። ቆይቶ አንድ ግንድ ያወጣል። ግንዱ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚሄዱ መስመሮች አሉ፤ ወደ ጫፉ ሲደርስ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ከተመቸው ከሰው ቁመት ይስተካከላል። ዋናው መለያ ግን አበባው ነው፦ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ ነጭ፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት ጠርዙ ላይ አምስት ማዕዘን ያለው። ከሩቅ የተበተነ ቅንጬ ይመስላል። የኑግና የአደይ አበባ ዘመድ ነው፤ አንድ አበባ የሚመስለን በውስጡ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ታጭቀውበታል።

ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር የሚያምታታው ቅጠሉ ነው። በተለይ ለወዳጃ ወይም ለኒካሕ ዝግጅት አሪቲ የምትለቅሙ እህቶች፣ የአሪቲ አበባ ቢጫማ ሆኖ አንገቱን የሚደፋ መሆኑን ልብ በሉ። የዚህኛው ነጭ ነው፣ ቀና ብሎም ይታያል። ቅጠሉን በእጅ አሽቶ በሽታ ለመለየት መሞከር አይገባም።

ምክንያቱም ጉዳቱ ከቆዳ ይጀምራል። የዚያን ቅዳሜ በባዶ እጃቸው ሲነቅሉ ከዋሉት ወንድሞች የአንዱ ክንድ ማታ አብጦ ሲያሳክከው አደረ። ለዓመታት የሚነካኩት ገበሬዎች ቆዳቸው ይቆስላል፤ ብናኙ አስም ያለበትን ሰው ያፍናል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፤ የበግ ሥጋም ጣዕሙ ይለወጣል። ማሽላ ላይ ሲመጣ ደግሞ ወቅቱን ሙሉ ሳይታረም ከቀረ ምርቱን ከ40 እስከ 97 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል በምሥራቅ ሐረርጌ ተለክቷል። ከመካከላችን የትምህርት ወጪው ከማሽላ ማሳ የሚመጣለት ስንቱ ነው?

የምህንድስና ተማሪዎች እንደመሆናችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንድ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ይሰጣል፤ ዘሩም ከጭቃ ጋር ጎማ ላይ ይጣበቃል። መንገድ ስንሠራ የላይኛውን አፈር ጠርገን አንሡ እንባላለን፤ ያ አፈር የት እንደሚደፋ ግን ትምህርቱ ብዙም አያወራም። ገልባጩ ይጭነዋል፣ ሌላ ወረዳ ይደፋዋል፣ በሚቀጥለው ክረምት እዚያ ነጭ አበባ ይወጣል። አረሙ በየአስፋልቱ ዳር ተሰልፎ የሚታየው በአጋጣሚ አይደለም። ኢንተርንሺፕ የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ሎደሩና ግሬደሩ ከሳይት ወደ ሳይት ሲዛወር እንዲታጠብ ብትጠይቁ ምናልባት ይሳቅባችሁ ይሆናል፤ ጠይቁ።

በመድረሳ ገና ሕፃናት ሳለን ጎጂን ነገር ከመንገድ ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ተምረናል። ያኔ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ድንጋይና እሾህ ነበር። አበባ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ስለዚህ ኢንሻአላህ የፊታችን ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ አፈሩ ጤዛ እንዳለው፣ ከመስጂዱ በር ጀምረን እንነቅላለን። ማጨድ አይጠቅምም፤ ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ያላበበውን እናስቀድማለን፤ ካበቀለ ከአንድ ወር ብዙም ሳይርቅ ስለሚያብብ ጊዜ አይሰጥም። ያበበውን በማዳበሪያ ከረጢት ከትተን አፉን እናስራለን እንጂ እየጎተትን ዘሩን አንበትንም። ጓንት የሌለው ፌስታል እጁ ላይ ያጥልቅ፤ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። አስም ያለባችሁ ወደ አረሙ አትምጡ፤ ሻይና ዳቦ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልገናል።