የክረምት ወራትና የልጁ ደብተር

ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ተዘግቶ እስከ መስከረም ድረስ ልጆች በቤት በሚውሉበት ጊዜ፥ «ይህ ልጅ ምን ይሥራ?» የማይል ወላጅ ጥቂት ነው። ዝናቡ ከደጅ ያግደዋል፤ ከቤት ሲቀመጥም ወይ ከቴሌቪዥኑ ወይ ከስልኩ አይለይም። ስለዚህ አንዳንዱ አስጠኚ ይቀጥርለታል፤ አንዳንዱም የሚመጣውን ክፍል መጽሐፍ አስቀድሞ ያስነብበዋል። እኔ ግን ዐሥርና ዐሥራ አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ ከዚህ የሚሻል ሥራ እንዳለ ከልጄ ልጅ ስለ ተማርሁ፥ የተማርሁትም በኀፍረት ስለ ሆነ፥ ለክቡራን አንባቢዎች ልነግር ወደድሁ።

አስቀድሞ አንድ የቈየ ጥፋቴን ልናገር። ልጁ አራተኛ ክፍል ሳለ ስለ ውሃ ዑደት ሥዕል ሠርቶ እንዲያመጣ ታዝዞ ነበር። እኔም ያበላሸዋል ብዬ ደመናውንም ተራራውንም ራሴ ሣልሁለት፤ ጽሑፉንም ከሰፈራችን ጽሕፈት ቤት በኮምፒውተር አስጻፍሁለት። ከዐሥር ዐሥር አገኘ። ማታ ግን «ይህ ወደ ላይ የሚወጣው ቀስት ምንድር ነው?» ብዬ ብጠይቀው፥ «እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» አለኝ።

በ2016 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍልን ጨርሶ ከኛ ዘንድ ከረመ። ባለቤቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና ስትጠጣ «ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» የሚለውን ተረት ሲያነሡ ሰምቶ ወደ እኔ መጣና «አባባ፥ ይህ እውነት ነውን? የለካው ሰው አለ?» አለኝ። ስድሳ ዓመት ያህል ይህን ተረት ስናገር ኖሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ወደ ልቤ ገብቶ አያውቅም። «እንግዲያ አንተ ለካው» አልሁት፤ ከዚህ በቀር የረዳሁት ነገር የለም፤ በኋላ እንደሚታየውም አለመርዳቴ ለሥራው በጀው።

ልጁም የዱቄት ወተት ጣሳ አጥቦ፥ ከቆርቆሮው ጠፈጠፍና ከዛፉ ጥላ አርቆ፥ ከምድር የሚፈናጠቀው ውሃ እንዳይገባበት ከድንጋይ ላይ አስቀመጠው። እኔ አፉ ሰፊ የሆነ ጣሳ ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ቊጥሩን ያሳስታል ብዬ ተከራከርሁት፤ እርሱም አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ ጣሳ ጎን ለጎን አሳድሮ በነጋው በሁለቱም የውሃው ጥልቀት አንድ መሆኑን አሳየኝ። ግድግዳው ቀጥ ያለ እስከ ሆነ ድረስ ስፋቱ ለውጥ የለውም። የማስመሪያው ዜሮ ከጫፉ ጥቂት ገባ ብሎ ስለሚጀምር፥ ትርፉን ጫፍ በመጋዝ ቈረጠው። በየጧቱ በሦስት ሰዓት ይለካል፥ በደብተሩ ይጽፋል፥ ጣሳውንም ይደፋል። ካልደፋው የትናንቱ ከዛሬው ይቀላቀላል።

ሐምሌና ነሐሴ ሁለቱ ወሮች በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ደብተሩ ፈጥኖ ይሞላ ጀመር። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ልጁ ይህን ባወቀ ጊዜ የቤታችንን ቆርቆሮ ስፋት በእርምጃ ለክቶ ስድሳ ካሬ ሜትር ያህል አገኘና፥ 20 ሚሊሜትር በዘነበበት ሌሊት 1,200 ሊትር፥ ማለት ስድስት በርሜል ውሃ በአሸንዳው አልፎ ወደ መንገድ እንደ ሄደ ነገረን። በዚያው ሳምንት የቧንቧ ውሃ ተቋርጦብን ባለቤቴ በጀሪካን ውሃ ታስገዛ ነበር። በማግሥቱ አንድ በርሜል ከአሸንዳው ሥር አቆምን። ከአስጠኚ እንዲህ ያለ ጥቅም አግኝቼ አላውቅም።

ዝናብ የማይወድ ልጅ ቢኖር ጥላ ይለካ። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ከደልዳላ ስፍራ ተክሎ፥ ፀሐይ በወጣች ቀን በቀትር የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያድርግ። በአዲስ አበባ እውነተኛው ቀትር በነሐሴ መጨረሻ ከስድስት ሰዓት 25 ደቂቃ ያህል ሲያልፍ ነው። በክረምት ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ያዘነበለች ስለ ሆነች ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ነሐሴ 24 ገደማ በአናት ላይ ስትቆም ይጠፋል፤ በጳጉሜን ወደ ሰሜን ይዞራል። የቀድሞ ካህናት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ሰዓት ያውቁ ስለ ነበር፥ ልጁ በዚህ ሥራ የሚጠይቀው ሽማግሌ አያጣም። ደመናው ብዙ ቀን መከልከሉ ግን እርግጥ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ልጅ ባይጀምረው ይሻላል።

አሁን ወደ ኀፍረቴ እመለሳለሁ። ልጁ ለቡሄ ወደ እናቱ ወገኖች ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄድ፥ ነሐሴ 11 ቀን ለክቶ ጣሳውን ደፋና ማስመሪያውን በእጄ ሰጥቶ «አባባ፥ ሦስት ጧት ብቻ ነው፤ አደራ» አለኝ። በመጀመሪያው ጧት ካፊያ ነበረ፥ ጉልበቴንም ያመኝ ነበር፤ በሁለተኛው እንግዶች ሙልሙል ይዘው መጡና ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሊገባ መሆኑን ባስታወስሁ ጊዜ፥ ብዕር አንሥቼ 9፥ 14፥ 6 ብዬ ጻፍሁ። እንዲህ ማድረጌ በዚያን ሰዓት ውሸት አልመሰለኝም፤ ለልጅ ጨዋታ ያህል ነው ብዬ ነበር።

ልጁ ከሰዓት በኋላ ደረሰና ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ ጣሳው ሄደ። ተመልሶም «ዛሬ ጧት ከለኩ ወዲህ ዘንቧልን?» አለኝ። «የለም፤ ፀሐይ ነው የዋለው» አልሁት። «እንግዲያ በጣሳው ያለው 21 ሚሊሜትር ከወዴት መጣ?»

የምመልሰው አጣሁ። ልጁም አልተቈጣም፤ ቢቈጣ ይቀልለኝ ነበር። ሦስቱን ቊጥሮቼን ሳይፍቃቸው በአንድ መሥመር ብቻ ሰረዛቸውና በጎናቸው «የሦስት ቀን ድምር 21፤ በየቀኑ ስንት እንደ ነበረ አይታወቅም» ብሎ ጻፈ። የክረምቱ ሥራ ሁሉ ስለ ቡሄ ነበር፤ ያበላሸሁበትም ቀን ራሱን ቡሄን ነበር።

እርሱ ግን አልተወውም። ሦስቱን ቀን ጭራሽ አውጥቶ፥ እስከ ነሐሴ 11 ያሉትን 21 ቀኖች፥ ከነሐሴ 15 እስከ ጳጉሜን 5 ካሉት 21 ቀኖች ጋር አስተያየ። ከቡሄ በፊት 203 ሚሊሜትር፥ ከቡሄ በኋላ 141 ሆነ፤ በጳጉሜንም በአንድ ሌሊት 17 ወርዶ ነበር። ባለቤቴ «እንግዲያው ተረቱ ውሸት ነዋ!» ብትለው፥ «አንድ ዓመት በአንድ ጓሮ ብቻ ነው የለካሁት፤ ገና ነው» አላት።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ጣሳው ከድንጋዩ ላይ ተመለሰ። ቡሄ ሲደርስ ልጁ እንደ ልማዱ ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄድ ተነሣና፥ አደራውን ለሌላ ሰው ይሰጣል ብዬ ስጠብቅ አንድ የተሠመረ ወረቀት ሰጠኝ። ሰዓቱ የሚጻፍበት አንድ ዐምድ፥ ጥልቀቱ የሚጻፍበት አንድ ዐምድ፥ በሦስተኛውም «ደፍቼዋለሁ» የሚል ቃልና የፊርማ ስፍራ ነበረበት። ሦስቱንም ጧት በሦስት ሰዓት፥ በዝናብ ጃንጥላ ይዤ፥ ለክቼ ፈረምሁ።