ጋዙስ የት ሄደ?

መቀሌ ውስጥ የመኪናቸው ኤሲ መሥራት ማቆሙን የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ማንስ ይከፍተዋል? ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ መስኮት ዝቅ ካደረጋችሁ የእንደርታ ነፋስ ይበቃል። ጉዱ የሚወጣው መኪናው ከአጉላዕ ታጥፎ ወደ በራህሌ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ሓመድ ኢላ ስትደርሱ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል። ዳሎል ደግሞ ብዙም አይርቅም፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዓመታት በተወሰደ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ገደማ የተመዘገበበት ቦታ ነው። አማካይ ነው ያልኳችሁ፤ ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮበት።

ያኔ መስኮት ይዘጋል፣ ኤሲ ይከፈታል። ከክሩስኮቱ የሚመጣው አየር ግን ከውጭው አይሻልም። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወዲያው ሐኪም ይሆናል፤ ምርመራውም አንድ ነው፦ «ጋዝ ጨርሶ ነው!» ሹፌሩም «ስንመለስ አስሞላዋለሁ» ብሎ ይገላገላል።

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጋዙ የት ሄደ? ቤንዚን ይነዳል፣ ያልቃል። የኤሲ ጋዝ ግን አይነድም። በታሸገ ቧንቧ ውስጥ ያው አንዱ ጋዝ ሲዞር ነው የሚኖረው። ኮምፕረሰሩ ጨምቆ ያግለዋል፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስጥሎ ፈሳሽ ያደርገዋል፣ ከክሩስኮቱ ሥር ሲደርስ ድንገት ይለቀቅና እየተነነ የመኪናውን ውስጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ለአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው የሚበቃት። እንግዲህ ቀነሰ ከተባለ በሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ ማስሞላት የተበሳ ጎማ ሳያስለጥፉ ንፋስ እንደማስሞላት ነው፤ ለሳምንት ደስ ይላችኋል፣ ከዚያ ያው ናችሁ።

ታዲያ የደጋ መኪና ኤሲ ምን አስተነፈሰው? አንዱ ምክንያት ራሱ አለመከፈቱ ነው። ከጋዙ ጋር ጥቂት ዘይት አብሮ ይዞራል፤ የኮምፕረሰሩን ዘንግ የሚያሽገውን ጎሚኒ የሚያረጥበው እሱ ነው። ኤሲው ለወራት ካልተከፈተ ዘይቱ ወርዶ ይተኛል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ጋዙም ቀስ እያለ መንገድ ያገኛል። መኪና ለወራት ሲቆም ከመቀሌ ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ነዳጅ በመጥፋቱ ስንቱ መኪና በየግቢው አቧራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ባትሪውና ጎማው ተቀይሮ መኪናው ሲነሳ ኤሲውን ማን አስታወሰው? ስለዚህ ብርድም ቢሆን በየሁለት ሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ክፈቱት። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ አለ። ሞተሩን አስነሱና ኮፈኑን ክፈቱ፤ አንድ ሰው ከውስጥ ኤሲውን ይጫን። በአብዛኛው መኪና ላይ «ቋ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ የኮምፕረሰሩ ማግኔት ፑሌጃውን ሲይዝ ነው። ድምፅ ከሌለ ፊውዙን እዩ። ጋዙ በጣም ካነሰም ኮምፕረሰሩ እንዳይቃጠል ሲስተሙ ራሱ ያግደዋል። «ቋ» ካለ ሁለቱን የኤሲ ቧንቧዎች፣ ከሚሽከረከር ነገር እየራቃችሁ፣ በጥንቃቄ ንኩ። ወፍራሙ ሊቀዘቅዝ፣ ቀጭኑ ሊሞቅ ይገባል። ወፍራሙ በረዶ መስሎ እያላበው ውስጥ የሚገባው አየር ሞቃት ከሆነ ጋዙ ምንም አላጠፋም፤ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የምታማርጠው ከክሩስኮቱ ሥር ያለችው መዝጊያ ተቸክላለች።

መኪናው ሲሄድ እየቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ፤ ወይም ኮንደንሰሩ አቧራና ሣር ጠጥቷል። መጀመሪያ ቀዝቅዞ ቆይቶ ነፋሱ እየደከመ ከመጣና ለጥቂት ደቂቃ አጥፍታችሁት ሲከፈት እንደገና ከበረታ ውስጡ በረዶ እየሠራ ነው፤ ፊልትሮው ተዘግቶ ይሆናል። በቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ቅባት ይዞ አቧራ የለጠፈ ቦታ ካያችሁ ደግሞ የጋዙን መውጫ አገኛችሁት፤ ዘይቱ አብሮ ስለሚወጣ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጋራዥ ከተሄደ ባለሙያው ሰማያዊና ቀይ ጌጅ ያያይዛል። ኤሲው እየሠራ ሁለቱም መርፌዎች ዝቅ ካሉ በርግጥም ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከልክ በላይ ከወጡ ወይ ጋዙ በዝቷል ወይ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል አቅቶታል። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ብለው ከተቀራረቡ ኮምፕረሰሩ ደክሟል። ሞተሩ ጠፍቶ የሚነበበው ቁጥር ግን አያታልላችሁ፤ እሱ የሚከተለው የአየሩን ሙቀት ነው። ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ሩብ ኪሎም ይኑር ግማሽ፣ መርፌው ያው ነው።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ከመሙላት በፊት አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ይመጠጣል። እዚህ ላይ መቀሌ የራሷ ጣጣ አላት። ጅቡቲ ወደብ ላይ 30 ኢንች (የሜርኩሪ) አካባቢ የሚደርሰው የሰማያዊው ጌጅ መርፌ እዚህ 23 አካባቢ ላይ ቀጥ ይላል። ፓምፑ ደክሞ አይደለም፤ ከላያችን ያለው አየር ክብደቱ ከባሕር ጠረፉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያነሰ ስለሆነ ነው። ዋናው ነገር ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ለግማሽ ሰዓት ያህል ከቦታው አለመነቃነቁ ነው። ከተመለሰ አሁንም ይሾልካል። «ቸኩያለሁ፣ ዝም ብለህ ሙላው» የምትሉ ካላችሁ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የመጨረሻውን ጥያቄ ደግሞ አትርሱ፦ «ስንት ግራም አስገባህ?» ልኩ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጋዙ ሲበዛም ቅዝቃዜው ይቀንሳልና «እስኪበቃው ድረስ» መልስ አይደለም። እንዲያ ካላችሁ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሚዛኑን አሳየኝ በሉት።