ሐኪም ያልሆነ ዶክተር

በሕፃንነቴ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ዶክተር» ብዬ እመልስ ነበር። እናቴም ይህን ቃል ተስፋ አድርጋ፥ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች እስከ 12ኛ ክፍል አድርሳኛለች። ዘንድሮ ግን ቃሉ ለሁለት ተከፈለብን፤ እርሷ የምትጠብቀው በሽተኛ የሚያክመውን ዶክተር ሲሆን፥ እኔ የተመኘሁት በላቦራቶሪ የሚመራመረውን ነውና።

ምኞቴ የተጀመረው በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ስለ ዲ ኤን ኤና ስለ አር ኤን ኤ ሲያስተምሩን፥ የዘር መልእክት በአራት «ፊደላት» እንደሚጻፍና ሦስት ሦስቱ ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ እንደሚያመለክት ነገሩን። «ይህን ማን አነበበው?» ብዬ ብጠይቃቸው የሐር ጎቢንድ ኮራናን ታሪክ እንዳነብ አዘዙኝ።

ኮራና የተወለደው ዛሬ የፓኪስታን ግዛት በሆነች፥ መቶ ያህል ሰው በሚኖርባት በአንዲት የፑንጃብ መንደር ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የተማረው ከዛፍ ሥር ነበር። በመንግሥት ስኮላርሺፕ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በ1948 እ.ኤ.አ. ከሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። ኋላም በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፥ ዲ ኤን ኤን በኬሚስትሪ ጥበብ እየቀጠለ፥ ከእርሱም አር ኤን ኤ እያስገለበጠ መረመረ። «ዩ»ና «ሲ» የተባሉት ፊደላት ተፈራርቀው በተደረደሩ ጊዜ፥ ሴሪንና ሉሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ተራ በተራ የተያያዙበት ሰንሰለት ተገኘ። በዚህ ሥራው በ1968 ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

አንድ ማታ ነገሩን ለእናቴ ገለጥኩላት።

«ሳታክም ለማን ትጠቅማለህ?» አለችኝ።

«እማዬ፥ ሐኪሙ የሚያዝዘውን መድኃኒት ማን ይሠራዋል?» አልኳት። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን የአር ኤን ኤን አንድ ፊደል በጥቂቱ ቢለውጡት የሰውነት ቁጣ እንደሚበርድ በ2005 ማሳየታቸውን፥ ይህም ለኮቪድ ክትባት መሠረት ሆኖ በ2023 የኖቤል ሽልማት እንዳሰጣቸው ነገርኳት።

ጥቂት ዝም ብላ «ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለች። ለመጀመሪያው ዲግሪ አራት፥ አሜሪካ ቢሆን ለዶክትሬቱ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ብዬ ቆጠርኩላት።

«የእኅትህን ደብተርስ እስከዚያ ማን ይገዛል?»

ለዚህ መልስ አጣሁ። በበነጋው ግን መምህሬን ጠይቄ ተመለስኩ፤ በአሜሪካ በዚህ ዓይነቱ ሳይንስ ዶክትሬት የሚማሩ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ አይጠየቁም፤ በማስተማርና በምርምር እያገለገሉ መተዳደሪያ ይሰጣቸዋል። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ትምህርት ይሰጣል።

እናቴም ሰምታ ሽንኩርቷን መልቀም ቀጠለች። «መጀመሪያ ማትሪኩን እለፍ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለችኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ እኔም የማትሪክ ጥናቴን ይዣለሁ። እናንተም ሙያ ስትመርጡ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ጠይቁ፤ የሚያስከፍለውንም ዋጋ ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ እላለሁ።