የጎደሉት ገጾች

በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ «እንግሊዝኛ መቻል ማለት ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀን ቢኖር፣ «ትክክለኛዋን ክብ ማጥቆር ነዋ!» ባልነው ነበር። እውነታችንን ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ሆኖብን፣ መምህራኑ በእንግሊዝኛ ያስጽፉናል፣ በአማርኛ ያስረዱናል፤ እኛም በአማርኛ ገብቶን በእንግሊዝኛ እንሸመድዳለን። በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሥራችን አክቲቭ ቮይስን ወደ ፓሲቭ ቮይስ መገልበጥ ነው። ደብዳቤው በእርሱ ተጻፈ፤ መስኮቱ በእርሷ ተሰበረ። በዕድሜያችን ደብዳቤ ጽፈን የማናውቅ ልጆች ስንት ደብዳቤ እንዳስጻፍን እግዜር ይወቀው!

ታዲያ አንድ ዓርብ መምህራችን «ቲንግስ ፎል አፓርት» የተባለውን የቺኑዋ አቼቤን ልቦለድ ይዘው መጡ። በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመ የናይጄሪያዊ ሥራ ነው። አንድ መጽሐፍ ለሃምሳ ተማሪ፤ ያውም ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ ከመጨረሻው በኩል ገጾች የጎደሉት። ከራሳቸው ሻንጣ ነው ያወጡት። «ለፈተና አይመጣም» አሉን በግልጽ። ግማሾቻችን ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን ልናሸልብ ተዘጋጀን።

አልተኛንም። የኦኮንኮ አባት ኡኖካ ዘንድ ጎረቤቱ ዕዳ ሊጠይቅ ይመጣል። ሰውየው እንደ ገባ «ገንዘቤን!» አይልም። የኮላው ፍሬ ተቆርሶ፣ ወሬው ተወርቶ፣ ነገሩ በተረትና ምሳሌ ዞሮ ዞሮ ነው ሁለት መቶዋ ዛጎል ላይ የሚደርሰው። ኡኖካ መልሱ ሳቅ ሆነ! ከዚያም በግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰመረውን የሌሎቹን አበዳሪዎች ሂሳብ አሳየውና፣ ትልልቁን ዕዳ ሳልከፍል ያንተን ትንሿን አልከፍልም አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይኼ እኮ የኛው ሰፈር የዱቤ ደብተር ነው! እስከዚያን ቀን እንግሊዝኛ አስቆን አያውቅም ነበር። እንደኛ ሽማግሌዎች የሚናገር እንግሊዝኛ መኖሩንም የሰማነው ያን ዕለት ነው።

ከሁላችን አብልጦ መጽሐፉን የወደደው ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ጓደኛችን ነበር። እንግሊዝኛው ደካማ ነው። ተረት ሲያወራ ግን ወደር የለውም፤ ዓርብ የተነበበውን ወደ ቤት ስንሄድ በአማርኛ እንደገና ይተርክልናል፣ ከመጽሐፉ ይልቅ የሱ የሚጥመን ጊዜ ነበር።

ኢኬሜፉና የተገደለበትን ዓርብ አንረሳውም። ሦስት ዓመት ኦኮንኮ ቤት ያደገ፣ «አባቴ» እያለ የሚጠራው ልጅ ነው፤ ኦኮንኮም ደካማ እንዳይባል ፈርቶ በገጀራው መታው። መምህራችን አንብበው ዝም አሉ። ያ ጓደኛችን ብድግ አለና «ቲቸር፣ አባቴ እያለው እንዴት...» ሲል፣ «በእንግሊዝኛ በል» አሉት። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። የክፍለ ጊዜው ደንብ ነበር፤ እኛም አማርኛ የተናገረውን ስም ስንመዘግብ የኖርን ነን። ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከመካከላችን የሳቅን አለን። «ሶሪ ቲቸር» ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ እጁን ሲያወጣ አላየንም።

መጽሐፉ የጎደለው ገጽ ላይ ሲደርስ መምህራችን «በቃ፣ ይኸው ነው» አሉ። መጨረሻውን ጓደኛችን በመንገድ ላይ ፈጠረልን፦ ኦኮንኮ በሌሊት ብቻውን ልጁ የወደቀበት ጫካ ሄዶ፣ እስኪነጋ እዚያው ተቀመጠ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ለፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባን፤ ክቦቻችንን አጠቆርን። ውጤቱ ሲመጣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኘው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኛ ጥቂቶቹ አለፍን። እሱ አላለፈም።

ዘንድሮ ከቤተ መጻሕፍት ሙሉውን መጽሐፍ አገኘነው። ኦኮንኮ ራሱን ሰቅሎ ይሞታል። የገዛ ወገኖቹ ሬሳውን መንካት ነውር ስለሆነባቸው ባዕድ እንዲያወርደው ይለምናሉ። እንግሊዛዊው የወረዳ ሹም ደግሞ ሊጽፈው ባሰበው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ሰው ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጠው ያሰላስላል፤ ምዕራፍ ባይሆን እንኳ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል ይላል። ያን ሁሉ ዓርብ አብረነው የኖርነውን ሰው፣ አንድ አንቀጽ!

ለፋሲካ አገራችን ስንገባ ጓደኛችንን ባጃጁ ላይ አገኘነው። ተቃቀፍን። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «መጨረሻውን አገኛችሁት?» አለን።

«ያንተው ይሻላል» አልነው።

«ቀልዱን ተዉና ንገሩኝ።»

በአማርኛ ጀመርንለት። እጁን አነሣና «አይ፣ በእንግሊዝኛ» አለ፤ አልሳቀም። ተያየን። አንደኛውን ዓረፍተ ነገር እንደ ምንም አወጣነው፣ ሁለተኛው ላይ ጉሮሯችን ተያዘ። እሱ መሪውን ይዞ ይጠብቀናል። ከማዶ ተሳፋሪ ጠራውና ሞተሩን አስነሣ።