ሐዋሳን ከጀልባ ላይ

ሐዋሳ ሄደው ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥተው፣ አሞራ ገደል አሳ በልተው ከተመለሱ ከተማዋን ያዩት በግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚታየው ከውሃው ላይ ነው።

ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወርደው ሰፊ ጎዳና ፍቅር ሐይቅ ያደርስዎታል፤ ልጆች ከያዙ በባጃጅ ይውረዱ። በጠዋት ይሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ትንንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል።

ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋውን፣ የጉዞውን ርዝመትና ደርሶ መልስ መሆኑን ይነጋገሩ። የሕይወት አድን ጃኬቱን በልጅዎ ልክ ይጠይቁ። የአዋቂ ጃኬት ለአምስት ዓመት ልጅ ጃኬት አይደለም፤ ሾልኮ ይወጣል። ልኩ ከሌለ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።

ጀልባው ፈቀቅ ሲል ታቦር ተራራ ከኋላዎ ይቀራል፣ ከተማው ያንሳል። ዙሪያውን ሲመለከቱ በትልቅ ገንዳ ውስጥ እንዳሉ ይገባዎታል። በእርግጥም ሐይቁ የተኛው ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ተንዶ በፈጠረው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ከጀልባ ላይ የተጣለች የውሃ ላስቲክ የትም አትሄድም፣ እዚያው ትቀራለች። ይህን ለልጆች እዚያው ውሃው ላይ ሆነው ቢነግሯቸው በክፍል ውስጥ ከሚሰሙት ይልቅ ይገባቸዋል።

ባለ ጀልባዎቹ የሚሸጡልዎ ጉማሬ ነው። እኔ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ይህ ያስገርመኛል፤ ብቅ ማለቱን ማንም ዋስትና ሊሰጥ የማይችልበትን ነገር ዋናው ዕቃ አድርጎ ማቅረብ! ጉማሬ ለደቂቃዎች ውሃ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ ካልተጠበቀ ቦታም ይወጣል። ግልገል ያላት ደግሞ አትቀረብም። ጀልባ ነጂው ፎቶ እንዲያምርልዎ ብሎ ሊጠጋ ይችላል፤ «ወንድሜ፣ እዚሁ ይበቃናል» ይበሉት። አይቀየምዎትም።

ለእኔ የጉዞው ምርጥ ሰዓት ሞተሩ የሚጠፋበት ነው። ያኔ ደንገሉ ውስጥ የወፎቹ ድምፅ ይሰማል፤ አሳ አጥማጆች በጭልጥ ጠዋት የጣሉትን መረብ ሲጎትቱም ያያሉ።

ሲመለሱ አሞራ ገደል እንዲያወርድዎ አስቀድመው ይንገሩት። አባ ኮዳዎቹ የአሳ ትርፍራፊ ለመቀማት ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ቁመታቸው ከትንሹ ልጅዎ ሳይበልጥ አይቀርም። ቆሮሶ ጥብስ ይዘዙ፤ ሾርባውንም አይርሱ።